የወጣበት ምክንያት ይጻፍ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ነፋሱ ዛሬ ከባሕሩ በኩል ነውና በሩን ገፋ አድርጉትና ተቀመጡ። የማወጋችሁ የአንዲት ልጅ ነገር ነው። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ እንደመጣልኝ እናገራለሁ፣ የጎደለውን እናንተ ሙሉበት።

የዓለም ጦርነቱ ካበቃ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በዚችው በስካርቫ ደሴታችን ዮርዲስ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሄርሎፍ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ያጠምዳል፣ እሷ ደግሞ በብሮክ ቤት መጋዘን ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋ ዓሣ ትሰነጥቃለች። እጇን ጨው ይበላዋል፤ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነው። የጥርስ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች።

«ጥርስ?» ብላችሁ እንዳትስቁ። በዚያ ዘመን እዚህ ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ የሚሰጣት ትልቁ ስጦታ ምን ነበር መሰላችሁ? ሰው ሠራሽ ጥርስ! ጤነኛውን ከታመመው ሳይለዩ ሁሉንም ይነቅሉና፣ «ባሏን ለወጪ እንዳትዳርገው» ብለው አዲስ ያስገጥሙላታል። የዮርዲስ ታላቅ እህት ማግና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የተዳረችው እንዲህ ነው። ዮርዲስ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ደም የነካውን ፎጣ በባሕር ውኃ ያጠበችው እሷ ናት። ለሠርጉ ፎቶግራፍ ሁሉም ሲስቅ እህቷ ብቻ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። ያ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ አለ።

ዮርዲስ ማታ ማታ በመምህር ኦድቫር መጻሕፍት አጥንታ ትልቁን ፈተና አለፈች። በአገሩ ያለው የጥርስ ሐኪሞች ትምህርት ቤት ሞልቶ ስለነበር ባሕር ማዶ ጻፈች። በመጋቢት ከስኮትላንድ፣ ከዳንዲ ከተማ መልስ መጣላት። ተቀብለንሻል ይላል፤ ግን እስከ ግንቦት መጨረሻ የትምህርትሽን ወጪ የሚከፍል ማን እንደሆነ ካላሳወቅሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን ይላል።

ወጪዋን ሊከፍልላት የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የመበለቷ ኑዛዜ» የምንለው። ልጅ ያልነበራቸው የአንድ መርከብ አዛዥ ሚስት ሲሞቱ ንብረታቸውን ለደሴቱ ተውት፤ በየሦስት ዓመቱ አንድ ወጣት ባሕር ተሻግሮ እንዲማርበት። ሦስት ባለአደራዎች ይመርጣሉ፤ ቄሱ፣ መምህሩና የብሮክ ቤት ጌታ።

በዚያ ዓመት አመልካቾቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ ዮርዲስ፣ ሌላው የወደብ ሹሙ ልጅ ሲግቫርት፣ ጀርመን ሄዶ መሐንዲስ ሊሆን የሚሻ። ቄስ ሞንራድ ለሲግቫርት ናቸው። «ሴት ልጅ ተምራ ተምራ ታገባለች፤ ትምህርቱም ከድስቱ ሥር ይቀራል» ይላሉ። መምህር ኦድቫር ለዮርዲስ ናቸው። ይሄን አገር ያውቃል። እንግዲህ ፍርዱ በሦስተኛው፣ በቶርሞድ ብሮክ እጅ ወደቀ።

አገር የማያውቀው ደግሞ ይሄን ነው፤ ቶርሞድና ዮርዲስ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዋደዱ ነበር።

ቶርሞድ አባቱ ሲሞቱ በሃያ ስድስት ዓመቱ መጋዘኑን፣ መርከቡንና በደሴቱ ላይ ትልቁን ነጭ ቤት የወረሰ፣ ዝምተኛ፣ ነገር ሲያስብ ኮፍያውን በጣቶቹ የሚያሽከረክር ሰው ነው። በሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ»። ደብዳቤ የሚያደርስላት በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የሥራ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከቶ ነው። ጠዋት ሽርጡን ስታወርድ ወረቀቱ ኮሽ ካለ፣ ያን ቀን ቢላዋዋ ራሱ ይዘፍናል። ለገና ከበርገን ከተማ ያስመጣላትን ስጦታም እዚያው ነው ያገኘችው፤ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ያለች፣ ከአዝራር ብዙም የማትበልጥ፣ የጥርስ ሐኪም መስታወት። «የመጀመሪያዋ መሣሪያሽ» ይላል ከጎኗ ያለው ወረቀት።

እናቱን እሜቴ ቦርግሂልን ግን ሁለቱም ይፈራሉ። ቀጥ ያሉ፣ ጥቁር ለባሽ፣ ቢያስቋቸው እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው የሚስቁ ሴት ናቸው። «ኩራት ነው፣ ለኛ ሳቃቸውንም ይሰስታሉ» ይሏቸዋል የመጋዘኑ ሴቶች። ለልጃቸው በከተማ የመርከብ ባለቤት ሴት ልጅ አጭተው እንደጨረሱም ይወራል።

የባለአደራዎቹ ስብሰባ ሳምንት ሲቀረው ዮርዲስ በዓሣ መስቀያው እንጨቶች መካከል አገኘችው። ከላያቸው የደረቀው ዓሣ በነፋስ ይንኳኳል።

«ማክሰኞ ምን ልትል ነው?» አለችው።

ቶርሞድ ኮፍያውን አወለቀ። አሽከረከረው።

«አትጠይቂኝ፣ ዮርዲስ።»

«እንዴት አልጠይቅህ? የኔ ጉዳይ አይደለም እንዴ?»

«ያንቺ ስለሆነ ነው። ባለአደራ ከአመልካች ጋር ስለ ጉዳዩ አይነጋገርም። ፈርሜበታለሁ።»

«እንደው አንድ ነገር ብቻ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንድሄድ ትፈልጋለህ?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። ኮፍያውን መልሶ ደፋ። ከዚያ በመስቀያዎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽርጧ ኪስ ባዶ ሆነ። ረቡዕ ባዶ፣ ሐሙስ ባዶ። አርብ ዕለት እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ስትፈትሽ ከጎኗ የምትሠራዋ ሴት «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» ብትላት፣ «ምንም» አለች።

ማክሰኞ ደረሰ። ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ክፍል ነው፤ አመልካቾቹ ከፊት ለፊት ካለው የጀልባ ቤት አጠገብ በድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሄርሎፍ ልጁን ብቻዋን አልተዋትም፤ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ መጥቷል።

«ጋሼ ሄርሎፍ» አለ ሲግቫርት፣ ጨዋታ ወዳድ ልጅ ነው፣ «እኔ ካለፍኩ ለጀልባህ ሞተር እገጥምልሃለሁ።»

«ጀልባዬን ተውልኝና መጀመሪያ የራስህን ብስክሌት ጠግን» አለው ሄርሎፍ።

ሳቁ ሳያልቅ የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ። የወጣው ቶርሞድ ነው። ባዶ ራሱን ነው፤ ኮፍያው በእጁ ተጨምድዷል። አላያቸውም። ወደ ጀልባ ቤቱ ኋላ ዞረ። ወዲያው መምህሩ በሩ ላይ ብቅ አሉና የቤተ ክርስቲያኑን ጠባቂ ወደ ነጩ ቤት ላኩት። ብዙም ሳይቆይ እሜቴ ቦርግሂል ጥቁር ካፖርታቸውን እየቆለፉ መጥተው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

«ተለዋጭ ናቸው» አለ ሄርሎፍ በቀስታ። «እሱ ሲወጣ እሳቸው ናቸው የሚቀመጡት።»

ዮርዲስ ከአጥሩ ወረደች። ጀልባ ቤቱን ዞራ ደረሰችበት። ግድግዳውን ተደግፎ ባሕሩን ያያል።

«የማን ስም ሲነሳ ነው የወጡት?» አለችው።

በ«እርስዎ» ስትጠራው ፊቱ በጥፊ እንደተመታ ሆነ።

«ያንቺ» አለ።

«እና እናትዎን አስገቡልኝ።»

«ሕጉ ነው ያስገባቸው፣ እኔ አይደለሁም።»

«ሕግ! ሁለት ዓመት በኪሴ ደብዳቤ ሲከቱ ሕጉ የት ነበር?» ድምጿ ተሰነጠቀ። «ተቃወሙኝና ልጥላዎት! ወይ ደግፉኝና ልሂድ! በገዛ እጅዎ መቁረጥ ቢያቅትዎ ቢላዋውን ለእናትዎ አቀበሏቸው!»

«ዮርዲስ፣ ስብሰባው አላለቀም። እስኪያልቅ ድረስ ለምን እንደወጣሁ ልነግርሽ አልችልም። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ስሚ። እባክሽ።»

«የምሰማውን ሰምቻለሁ።»

መስታወቷን ከኪሷ አወጣች። ባዶ ኪስ ይዛ ላለመምጣት ያን ዕለት ይዛት ነበር። መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ለከተማዋ ሙሽራዎ ይስጧት» አለችው። «ጥርሷን ታይበት።»

ጣቶቹ መስታወቷ ላይ ቀስ ብለው ተጠቀለሉ፣ ሰው የወደቀ ፍም በጣቱ እንደሚያነሳ። ያን አይታ ዞር ስትል፣ ንዴቷ ሥር ሌላ ነገር ተላወሰ። ያ ነገር ይበልጥ አሳመማት።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አመልካቾቹ ተጠሩ። በኑዛዜው ሕግ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት በፊታቸው ይነበባል፤ እነሱም ሰማን ብለው ይፈርማሉ፣ የሚሉት ካላቸውም ይጨምራሉ። ዮርዲስ በልጅነቷ የተቀመጠችበት ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከሥሩ አልገባ አለ። ቄሱ ከወትሮው ቀልተዋል። እሜቴ ቦርግሂል መስኮቱን ያያሉ። መምህር ኦድቫር መነጽራቸውን ጠርገው፣ ጠርገው፣ እንደገና ጠረጉት።

«አንደኛ ጉዳይ» ብለው ጀመሩ። የሲግቫርት ማመልከቻ እንደተነበበ፣ እንደተመዘነ አነበቡ። ዮርዲስ ቃሉ ጆሮዋ ዳር ሲያልፍ ብቻ ትሰማለች።

«ሁለተኛ ጉዳይ። የዮርዲስ ሄርሎፍ ማመልከቻ። ጉዳዩ ሲከፈት ባለአደራ ቶርሞድ ብሮክ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ልፈርድ አይገባኝም አለ። ሰብሳቢው ቄስ ሞንራድ፣ የሥጋ ዝምድና አለህ ወይ ብለው ጠየቁ። የለኝም አለ። የጥቅም ነገር አለህ ወይ ብለው ጠየቁ። የለኝም አለ። እንግዲያው ተቀመጥ ቢሉት፣ አልቀመጥም አለ።»

«ይሄን ባናነበው ምናለበት?» አሉ ቄሱ።

«ኑዛዜው ‹የሚወጣ ባለአደራ የወጣበት ምክንያት ይጻፍ፣ ይነበብም› ይላል፣ አባታችን። በመበለቷ እጅ የተጻፈ ነው።» መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለአደራው ምክንያቱን እንዲህ ሲል አስመዘገበ፤ እንዳለውም ቃል በቃል ተጽፏል። ‹እወዳታለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከእሷ በቀር ማንንም አላገባም። አንድ ቀን እንድትሄድ እጸልያለሁ፣ በማግስቱ እንድትቀር እጸልያለሁ። በዚህ ልብ ብደግፋት ለፍቅሬ ሰጠኋት ይባላል፤ ብቃወማት ለራሴ አስቀረኋት ማለት ነው። በችሎታዋ ማለፍ የምትችልን ሴት በኔ ምክንያት ማንም እንዲጠረጥራት አልፈቅድም። ስለዚህ እወጣለሁ።› ይህን ብሎ ወጣ።»

ዮርዲስ በሁለት እጇ ዴስኩን ይዛለች። ስሟ ከስሙ ጋር፣ ባለፉት ስልሳ ዓመታት የደሴቱ ልጆች በተጻፉበት በዚያ ወፍራም መዝገብ ላይ፣ ቄስና መምህር በሚፈርሙበት፣ ማንም መጥቶ ሊያነበው በሚችለው መዝገብ ላይ ተጽፏል። በኪስ ይደበቅ የነበረ ነገር! እና እሷ ከጀልባ ቤቱ ኋላ ምን አለችው? «ለከተማዋ ሙሽራዎ።»

«ተለዋጭ አባል ቦርግሂል ብሮክ በቦታው ተቀመጡ» ብለው ቀጠሉ መምህሩ። «ድምፅ ተሰጠ። ሰብሳቢው፣ ለሲግቫርት። ጸሐፊው መምህር ኦድቫር፣ ለዮርዲስ። ተለዋጭ አባሏ፣» አሉና ከመነጽራቸው በላይ ቀና አሉ፣ «ለዮርዲስ። ምክንያታቸው እንዳይጻፍ ጠይቀዋል። ድምፅ ለሰጠ ምክንያት አይጠየቅምና አልተጻፈም።»

መጀመሪያ የተናገረው ሲግቫርት ነው። «እንግዲህ እኔን የሚወደኝ ባለአደራ ጠፍቶ ነው» አለ። ድምጹ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም እጁን ዘረጋላት። «ሂጂ፣ እህቴ። ስትመለሺ ግን የኔን ጥርስ የምታክሚው በነፃ ነው።» ከዚያ ሰማሁ ብሎ ፈረመ።

የዮርዲስ ተራ ሆነ። ብዕሩን ያዘች። ፈረመች። ብዕሩን ግን አላስቀመጠችም። ከፊርማዋ ሥር ጎንበስ ብላ ሌላ መስመር ጻፈች።

«ምን እያደረግሽ ነው? የኑዛዜ መዝገብ እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ!» አሉ ቄሱ ብድግ ብለው።

«አመልካች የሚለው ካለው ይጨምር ይላል፣ አባታችን» አለች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

እሜቴ ቦርግሂል በር ላይ ደረሱባት። ክንዷን ያዙና ከሰው ራቅ አደረጓት።

«እንዳታመሰግኚኝ» አሉ።

«እሜቴ፣ እኔ...»

«ስሚኝ። አምስት ዓመት ባሕር በመካከላችሁ እንዲተኛ ብዬ ነው ድምፄን የሰጠሁሽ። ልጄ ችኩል ነው፣ አንቺም ልጅ ነሽ። ይረሳሽ ይሆናል ብዬ ነው። እውነቱን እወቂው።»

ዮርዲስ ቀና ብላ አየቻቸው። አልፈራቻቸውም፤ ራሷንም ገረማት። «ባይረሳኝስ?»

እሜቴ ቦርግሂል ያልጠበቀችውን አደረጉ። እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና በጥፍራቸው የፊት ጥርሳቸውን መቱት። እንደ ሸክላ ኳ አለ።

«ሰው እኔ በነጩ ቤት የተወለድኩ ይመስለዋል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፣ ከማዶ ደሴት። ሠርጌ ሳምንት ሲቀረው ሁሉንም ነቀሉልኝ። አንዱም አሞኝ አያውቅም ነበር። አባቴ ‹ለብሮክ ቤት ወጪ ሆነሽ አትግቢ› አለኝ።» እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ሠላሳ አራት ዓመት በሰው ፊት አፌን ከፍቼ ስቄ አላውቅም። ኩሩ ይሉኛል አይደል? ይበሉኝ። ይሄኛውን ምክንያት ነው እንዳይጻፍ ያልኩት።»

«እሜቴ...» አለች ዮርዲስ።

«ጠንክረሽ ተማሪ። ባይረሳሽ...» ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ባይረሳሽ፣ ስትመጪ በነጩ ቤት ሰፊ የፊት ክፍል አለ። ብርሃን ይገባዋል። ለሐኪም ይሆናል።» ዞረው ሄዱ፣ ቀጥ ብለው። ዮርዲስ ግን ጀርባቸውን እያየች ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኗት።

ቶርሞድ አሁንም ከጀልባ ቤቱ ኋላ ነበር። ከቆመበት አልተነቃነቀም። መስታወቷ በመዳፉ ውስጥ ናት።

«ሰጡሽ?» አለ።

እጇን ዘረጋች። መስታወቷን መልሶ ሲሰጣት ጣቱ ጣቷን ነካ፤ ሁለቱም እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል።

«ሂድና መዝገቡን አንብብ» አለችው። «አንተ» ስትለው ዓይኑ ሞላ።

«ንገሪኝ እንጂ፣ በሞቴ!»

«አንተ ነገርከኝ? ክፍት ነው፣ ሄደህ አንብብ።»

ሮጠ። ማዕበል ሲመጣ እንኳ በቀስታ የሚራመድ ያ ሰው እንደ ሕፃን ሮጠ። ዮርዲስ በድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠች። በትምህርት ቤቱ መስኮት ጀርባው ይታያታል፤ መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ በጣቱ መስመር በመስመር ይወርዳል። ወረደ፣ ወረደ፣ ከፊርማዋ ሥር ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

እዚያ የጻፈችው አጭር ነበር፤ «ሰምቻለሁ። እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ባለአደራው ያሉት ሁሉ በአመልካቿም ዘንድ እውነት ነው።»

ብዙ ሰዓት የቆየ እስኪመስላት ቀና አላለም። ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ የግንቦት ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ ነበርና፣ ያቺን ትንሽ መስታወት ወደ ፀሐይዋ ዘረጋቻት። ከአዝራር የማትበልጥ የብርሃን ነጠብጣብ በግቢው ሣር ላይ ሮጠች፣ በግድግዳው ወጣች፣ በመስኮቱ ገባች፣ ጉንጩ ላይ አረፈች።

ቶርሞድ ቀና አለ። እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ፣ ብርሃኗን ይዞ ሊያስቀራት እንደፈለገ ሁሉ። እሷም ክንዷ እስኪዝል መስታወቷን አላወረደችም። ነሐሴ ላይ መርከብ እንዳለ፣ አምስት ክረምት እንዳለ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ልባቸው በደስታና በፍርሃት መካከል ተንጠልጥሎ፣ ማንኛቸውም ቀድመው እጃቸውን ሊያወርዱ አልፈለጉም።

እኔ የማውቀውን አወራኋችሁ። መዝገቡ ዛሬም በትምህርት ቤቱ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ደብዝዟል። እናንተ ግን ወደየቤታችሁ ስትገቡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት አልቀየምም። በዚያ ጉንጭ ላይ ያረፈችውን የብርሃን ነጠብጣብ ብቻ፣ አደራችሁን፣ አስታውሱልኝ።